«ዳነ» ከተባለ በኋላ፦ የአንጎል ጉዳት ከደረሰበት የትዳር አጋር ጋር መኖር

መግቢያ

ባለፈው ዓመት በአንድ የማታ ክፍለ ጊዜ መምህራችን የፊንየስ ጌጅን ታሪክ አስተማሩን። የሳይኮሎጂ ተማሪ ሆኖ ይህን ታሪክ ያልሰማ መቼም የለም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 13 ቀን 1848 በአሜሪካ ቬርሞንት ግዛት፣ ካቨንዲሽ አጠገብ፣ የ25 ዓመቱ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች አለቃ ድንጋይ ለማፈንዳት ባሩድ ሲጠቀጥቅ ባሩዱ በድንገት ፈነዳ። ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝምና ስድስት ኪሎ ያህል የሚመዝን ብረት በግራ ጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ሰውየው ግን አልሞተም። ሆኖም ጨዋና ኃላፊነት የሚሰማው የነበረው ሰው ተሳዳቢ፣ ችኩል፣ ያቀደውን የማይፈጽም ሆነ። ወዳጆቹም የሚያውቁት ሰው እንዳልሆነ ተናገሩ።

ይህን ጊዜ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ «እንኳንም ሚስት አልነበረችው!» አለና ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ። ልጁን አልተቀየምኩትም፤ ቀልድ ነው። ግን ቤቴ ከገባሁ በኋላ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምክንያቱም እኔ ያቺ ሚስት ነኝ።

ይህችን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሳሳኝ ይህ አጋጣሚ ነው። ዓላማዋ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በክፍል ውስጥ የምንማራቸው ጽንሰ ሐሳቦች በአንድ ቤት ውስጥ ምን እንደሚመስሉ ማሳየት ነው። ሁለተኛ፣ ነገ አማካሪ ስንሆን የአንጎል ጉዳት የደረሰበት ሰውና የትዳር አጋሩ በራችንን ሲያንኳኩ ምን እንደምንጠይቅ ማሳሰብ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የአራተኛ ዓመት የማታ ተማሪ፣ የሁለት ልጆች እናትና የአንድ አናጺ ሚስት ነኝ። ባለቤቴ ይህን ጽሑፍ አንብቦታል። አንድ ቦታ ላይ «ይሄን አውጪው» ብሎኝ አውጥቼዋለሁ፤ የቀረው በፈቃዱ የተጻፈ ነው።

1. አደጋው

ጊዜው ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው። ባለቤቴ እንጨት ሊገዛ ሄዶ ሲመለስ የተሳፈረበት ባጃጅ ተገለበጠና ራሱ ከአስፋልት ጋር ተጋጨ። ደም ብዙም አልፈሰሰውም። ከውጭ የሚታየው ቁስል ከቅንድቡ በላይ የነበረ የአውራ ጣት የምታህል ጭረት ብቻ ነበር። እኔማ ሳየው «ተመስገን፣ ቀላል ነው» ብዬ ነበር። ግን ቢጠሩት አይሰማም።

በተላከበት ሆስፒታል አንዱ ሐኪም ለሌላው «ግላስጎው ሰባት ነው» ሲለው ሰማሁ። ያን ጊዜ ግላስጎው ለእኔ የኳስ ቡድን ነገር ነበር። ዛሬ የማውቀውን ልንገራችሁ። የግላስጎው ኮማ መለኪያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ግሬሃም ቲስዴልና ብራያን ጄኔት የተባሉ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ናቸው። ሦስት ነገር ይታያል፦ ታማሚው ዓይኑን ይከፍታል ወይ? ይናገራል ወይ? እጅ እግሩን ያንቀሳቅሳል ወይ? ለዓይን እስከ 4፣ ለንግግር እስከ 5፣ ለእንቅስቃሴ እስከ 6 ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ ቢያንስ 3፣ ቢበዛ 15 ነው። ከ13 እስከ 15 ቀላል፣ ከ9 እስከ 12 መካከለኛ፣ 8 እና ከዚያ በታች ከባድ ጉዳት ይባላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ይህ ቁጥር የዛሬውን ክብደት ይናገራል እንጂ ሰውየው ከአምስት ዓመት በኋላ ምን ዓይነት አባት፣ ምን ዓይነት ባል እንደሚሆን አይናገርም።

ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በዘጠነኛው ቀን ዓይኑን ገለጠ። በአሥራ አራተኛው ቀን ስሜን ጠራ። ከወር በላይ ቆይተን ቤታችን ስንመለስ በገዛ እግሩ እየተራመደ ገባ። ጎረቤት እልል አለ።

2. በራስ ቅል ውስጥ ምን ይሆናል?

አንጎል ለስላሳ ነው። የራስ ቅል ደግሞ ከውስጥ፣ በተለይ ከግንባርና ከጆሮ ግንድ በኩል ያለው ወለሉ፣ ሸንተረራማና ሻካራ ነው። በፍጥነት ሲሄድ የነበረ ጭንቅላት ባንዴ ሲቆም አንጎል መንገዱን ይቀጥልና ከዚህ ሻካራ ወለል ጋር ይጋጫል። በዚህም የተነሳ ፍሮንታል ሎብ የምንለው የፊተኛው ክፍልና ቴምፖራል ሎብ የምንለው የጎን ክፍል አብዝተው ይጎዳሉ። በተጨማሪም የአንጎልን ክፍሎች የሚያገናኙ ረጃጅም የነርቭ ክሮች ይሳሳባሉ፣ አንዳንዶቹም ይበጠሳሉ። እብጠትና ደም መፍሰስ ሲጨመርበት ጉዳቱ ይሰፋል።

የቴምፖራል ሎብ ጉዳት አዲስ ነገር የመያዝን ችሎታ ይቀንሳል። የፍሮንታል ሎብ ሥራ ምንድን ነው ቢሉኝ በቤት ቋንቋ እንዲህ እላለሁ፦ ነገርን መጀመር፣ ቅደም ተከተል ማስያዝ፣ ምላስንና እጅን መግታት። ሰው እነዚህ ሲጎዱበት እጁም እግሩም ደህና ነው፤ ይናገራል፣ ይበላል፣ ይስቃል። ስለዚህ ጉዳቱን አብሮት የሚኖር እንጂ ሌላ ሰው አያየውም።

3. «ምንም አልሆነም እኮ!»

ሰሞኑን ሁሉ ቤታችን በእንግዳ ተሞላ። «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ይባላል፤ ቡና ይፈላል፤ ባለቤቴም የድሮ ጨዋታውን ያመጣል። እንግዶቹ ሲወጡ በር ላይ ይዘውኝ «ኧረ ደህና ነው! ምንም አልሆነም እኮ!» ይሉኛል። እነሱ ከሄዱ በኋላ ግን መጋረጃ ዘግቶ ሦስት ሰዓት ይተኛል። ለአንድ ሰዓት ጨዋታ የሚከፍለው ዋጋ ይህ ነበር። የተጎዳ አንጎል ቀድሞ በቀላሉ ይሠራው የነበረውን ነገር ለመሥራት እጅግ ብዙ ስለሚለፋ ይደክማል። ይህ ድካም በዕንቅልፍ ማጣት እንደሚመጣው ድካም አይደለም።

ቀስ በቀስ ሌላውም ታየ። ወጥ ሲያርር አይሸተውም፤ ግጭቱ የሽታ ነርቮቹን ጎድቷቸው ነበር። ጠዋት ሸሚዙን በእጁ ይዞ አልጋ ጠርዝ ላይ አንድ ሰዓት ይቀመጣል። «ልበሰው እንጂ!» ስለው «እሺ» ይላል፤ ግን አይለብስም። እኔ በሆዴ «ሰነፍ ሆነ» አልኩ። አንድ ጥያቄ አምስት ጊዜ ይጠይቃል። ቁጣ የማያውቅ ሰው ልጆቹ ላይ ሳህን ይወረውራል። «ምን ነካህ?» ሲባል «ምንም አልሆንኩም፤ እናንተ ናችሁ የተለወጣችሁ» ይላል።

ይህች የመጨረሻዋ ነገር ከሁሉም በላይ ታቃጥለኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1914 ጆሴፍ ባቢንስኪ የተባለ ፈረንሳዊ የነርቭ ሐኪም ግማሽ አካላቸው የማይንቀሳቀስ ሆኖ ሳለ ምንም እንዳልሆኑ የሚናገሩ ሕሙማንን ገልጾ፣ ሁኔታውን አኖሶግኖሲያ ብሎ ሰየመው። ከጭንቅላት ጉዳት በኋላም የራስን መለወጥ አለማወቅ በብዛት ይታያል። ውሸት አይደለም፤ ግትርነትም አይደለም። ሰው ራሱን የሚያይበት መስታወት ራሱ ተሰንጥቆ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ በየማታው እከራከረው ነበር።

በአራተኛው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ጣለው። ከአንጎል ጉዳት በኋላ እንዲህ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል። ሐኪሙ በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት አዘዘለት። እናቱ፣ እማዬ፣ ጠበል ይሂድ አሉ። «ጠበል ላይ መድኃኒት አይዋጥም» የሚል ዘመድም አልጠፋም። ጭንቀቴ ይህ ነበር፤ የዚህ ዓይነቱን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ የባሰ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ እንደሚችል ሐኪሙ አስጠንቅቆናል። ደግነቱ ጠበሉ ጋ ያገኘናቸው አባት «መድኃኒቱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው፤ እየዋጠ ይጠመቅ» አሉን። እማዬም ደስ አላቸው፣ እኔም አረፍኩ። ይህን የጻፍኩት በሁለቱ መካከል የተጨነቀ ቤተሰብ ብዙ እንደሆነ ስለማውቅ ነው።

4. አሥራ አንዱ ቀን

ግንቦት 2011 ዓ.ም. ደንበኞች ለቁምሳጥንና ለአልጋ የከፈሉት 18 ሺህ ብር ቀብድ ቤት ነበር። ባለቤቴ ሻይ ቤት ለተዋወቀው ሰው «ንግድ አለ» ስላለው ብቻ ቆጥሮ ሰጠው። ሰውየውም ብሩም በዚያው ጠፉ። ማን መሆኑን እንኳ አያስታውስም። ደንበኞቹ በር ላይ ቆመው ሲሰድቡኝ እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «ምንድን ነው የሚሉት?» ይለኛል።

በማግስቱ ትንሿን ልጄን ይዤ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። የ14 ዓመቱ ልጃችን «እኔ ከአባዬ ጋር እሆናለሁ» ብሎ ቀረ፤ እማዬም መጥተው አብረው ተቀመጡ። ወንድሜ «ማንም አይፈርድብሽም» አለኝ። አልደብቃችሁም፣ የፍቺ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ ጠይቄ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕጋችን ባልና ሚስት መከባበር፣ መተጋገዝና መደጋገፍ እንዳለባቸው ይደነግጋል። እኔ ግን ያን ሰሞን በውስጤ «መደጋገፍ የሁለት ሰው ነው፤ እኔ ብቻዬን ነው የምደግፈው» እል ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን የልጄን ዩኒፎርም ልወስድ ቤት ሄድኩ። እሱ ተኝቷል። ጠረጴዛው ላይ የኪስ ደብተሩ ተከፍቶ አለ። ከሆስፒታል ስንወጣ «የሚረሳውን ይጻፍበት» ተብለን የገዛነው ደብተር ነው። እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ ማክሰኞ። እሷ የለችም። የት ሄደች? ልጁን ጠይቅ።» ከሥሩ ደግሞ «ወንድሟ ቤት ናት። ገንዘቡን ስላጠፋሁ።» ገጹን ገለበጥኩት። «ዛሬ ረቡዕ። እሷ የለችም። የት ሄደች?» ከሥሩ ያው መልስ። በየቀኑ እንዲሁ። ማለትም በየማለዳው እንደ አዲስ ያጣኝ ነበር፤ በየማለዳውም ምክንያቱን እንደ አዲስ ይሰማ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ገጽ ላይ ግን አንድ መስመር ተጨምሯል፦ «ገንዘብ አትያዝ።»

ይህችን መስመር ማንም አላዘዘውም። ልጄን ጠየቅሁት፤ እሱም አላለውም። ባለቤቴ የራሱን እጅ ጽሕፈት እያየ ራሱ የደረሰበት ነው። እኔ በዓመት ተኩል ጭቅጭቅ ያላሳመንኩትን ሰው ደብተሩ በዘጠኝ ቀን አሳመነው። መስታወቱ ቢሰነጠቅም ወረቀት ላይ ራሱን ማየት ይችል ነበር ማለት ነው።

ተመለስኩ። ተመልሼ ሁሉ ነገር ሰመረ እያልኩ አይደለም። ሄደው ያልተመለሱትንም አልፈርድባቸውም፤ ከእኔ የባሰ የተቸገሩ አሉ። እኔን የመለሰችኝ ያቺ አንድ መስመር ናት። በውስጡ የሚያስብ፣ ሊያተርፈን የሚጥር ሰው እንዳለ ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ በቤታችን ደንብ ሆነች፤ ቀብድ የሚቀበለው ልጄ ወይም እኔ ነን። ደንቡን የጻፈው ግን እሱ ነው።

5. ከመማሪያ ክፍል ወደ ቤት

በ2014 ዓ.ም. በማታው መርሐ ግብር ተመዘገብኩ። ለምን ሳይኮሎጂን መረጥሽ ሲሉኝ «ባሌን ልማር» እል ነበር፤ ሰው እንደ ቀልድ ይወስደዋል። ከተማርኩት ውስጥ ቤታችንን የለወጡትን አራት ነገሮች ላካፍላችሁ።

ሀ. ማስታወስ አንድ ነገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 ሄንሪ ሞላይሰን የተባለ ወጣት ለሚጥል በሽታው ተብሎ የሁለቱም ቴምፖራል ሎቦቹ የውስጠኛ ክፍል በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር አይዝም። ብሬንዳ ሚልነር የተባሉት ተመራማሪ በመስታወት እያየ የኮከብ ሥዕል ላይ እርሳስ እንዲያስኬድ አደረጉት። ከቀን ወደ ቀን እጁ እየተሻሻለ ሄደ፤ እሱ ግን ከዚህ በፊት ሞክሮት እንደነበር ጭራሽ አያስታውስም። የእጅ ትውስታና የነገር ትውስታ የተለያዩ ናቸው ማለት ነው። ይህን ባነበብኩ ማግስት ባለቤቴ እጅ ላይ መላጊያውን አስቀመጥኩለት። ምን ልበላችሁ! ጣውላውን ልክ እንደ ድሮው ላገው። ትናንት ማን እንደመጣ የማያውቅ ሰው እጁ ሃያ ዓመት የሠራውን አልረሳም።

ለ. መገመት ይጎዳል። እኛ አገር ማስተማር ማለት «እስቲ ገምት! እስቲ አስታውስ!» ማለት ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የማደርገው፤ «ዛሬ ማን ይመጣል ብዬህ ነበር? አስብ እንጂ!» ባድሊና ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡት ጥናት ግን የማስታወስ ችግር ያለባቸው ሰዎች ከስህተት በጸዳ መንገድ ሲማሩ የተሻለ እንደሚይዙ አሳይቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው። እኔና እናንተ ስንሳሳት መሳሳታችንን እናስታውሳለን፤ እሱ ግን የገመተው ነገር በአእምሮው ይቀራል፣ ስህተት መሆኑ ግን አይቀርም። ስለዚህ ዛሬ አልፈትነውም። ትክክለኛውን እነግረዋለሁ፣ ይደግመዋል፣ ይጽፈዋል።

ሐ. አንድ ነገር በአንድ ጊዜ። ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ፣ ልጆች እየተንጫጩ፣ እኔ ስለ ቤት ኪራይ ባወራው ምንም አይገባውም። አሁን ቁም ነገር ሲኖር ድምፁ ሁሉ ይጠፋል፤ ንግግሬም አጭር ነው። ለቅሶ ወይም ሠርግ ካለ ቀድሞ ይተኛል፤ ከአንድ ሰዓት በላይም አይቆይም። ሰው «ኮራ» ቢል ይበል።

መ. ጉዳቱንና ሰውየውን መለየት። ሲቆጣ መልስ አልሰጥም፤ ወደ ጓዳ እገባለሁ፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ግን እዚህ ላይ እኔም ወጥመድ ውስጥ ገብቼ ነበር። ቁጣው ሁሉ «ከጉዳቱ ነው» ማለት ጀመርኩ። የዚህን ስህተት የነገረኝ መጽሐፍ አልነበረም፤ እሱ ራሱ ነው።

6. በርጩማው

እኔ ጎበዝ አስታማሚ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። ሸሚዙን እቆልፍለታለሁ፣ ሻዩን አማስልለታለሁ፣ ሰው ሲጠይቀው እኔ እመልሳለሁ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አንድ የድሮ ደንበኛ መጥቶ «ባለሙያው አለ?» አለኝ። እሱ እዚያው አጠገቤ ቆሟል። እኔ ግን «ታሟል፣ አሁን አይሠራም» አልኩት። ሰውየው እንደወጣ ባለቤቴ «እኔ እኮ አልሞትኩም» አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ልማዴ ሆኖ «ያው ጉዳቱ ነው» ልል ነበር። ግን ጉዳቱ አልነበረም። ማንም ጤነኛ ሰው በዚያ ቦታ ቢሆን ይቆጣ ነበር። ያን ዕለት የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ በርጩማ ጀመርን። ቁምሳጥን ብዙ እቅድ ይፈልጋል፤ በርጩማ ግን አጭር ነው። ከረዳቱ ልጅ ጋር ሆነን ሥራውን በዘጠኝ ደረጃ ከፋፈልነው፦ እንጨት መምረጥ፣ መለካት፣ መቁረጥ፣ መላግ፣ እያለ እስከ ቀለም ድረስ። እያንዳንዱን በሥዕል አድርገን ግድግዳው ላይ ለጠፍን። አንዱን ሲጨርስ ራይት ያደርግና ወደሚቀጥለው ያልፋል። የኤሌክትሪክ መጋዙን አይነካም፤ ሊጥለው ስለሚችል ያ የረዳቱ ሥራ ነው። ድሮ በቀን ሁለት በርጩማ የሚሠራ ሰው የመጀመሪያዋን በስምንት ቀን ጨረሰ። እኔ ሁለት ጊዜ ገብቼ ልረዳው ስል ረዳቱ ልጅ በዓይኑ ከለከለኝ። ልጁ ሳይኮሎጂ አልተማረም፤ ግን ከእኔ ይልቅ ገብቶታል።

ዛሬ በሳምንት ሦስት ይሠራል። ቁምሳጥን አይሠራም፤ ምናልባትም አይሠራ ይሆናል። ከአንጎል ጉዳት በኋላ ፈጣኑ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነው፤ ከዚያ ይዘገያል። ሆኖም «ሁለት ዓመት ካለፈው በቃ» የሚባለው ልክ አይደለም። የሞተው የአንጎል ክፍል እንዳለ ባይመለስም የቀረው ክፍል በልምምድ አዲስ መንገድ ያበጃል። ባለቤቴ በርጩማ መሥራት የጀመረው አደጋው ከደረሰ ከአራት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

አሁን ወደ ጌጅ ልመለስ። ያን ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣኝ በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ስለ ሰውየው ፈለግሁ። እኛ የምንማረው ታሪክ አደጋውና የባህርይ ለውጡ ላይ ይቆማል። ሰውየው ግን ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1852 ወደ ቺሊ ሄዶ ለዓመታት በፈረስ የሚጎተት የመንገደኞች ሠረገላ ነድቷል። ፈረሶችን መንከባከብ፣ ሰዓት ማክበር፣ መንገደኛ ማስተናገድ፣ በማያውቀው አገር መኖር ለ«ተበላሸ» ሰው የሚሆን ሥራ አይደለም። በየቀኑ ተመሳሳይ ሥርዓት ያለው ሥራ እንዲያገግም ሳይረዳው አልቀረም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። በ1860 ደጋግሞ እየጣለው በካሊፎርኒያ ሞተ። የክፍላችን ሳቅ የቆመው እንግዲህ ታሪኩ ግማሽ ላይ ነበር።

7. ለአስታማሚውስ ማን አለ?

ፖሊን ቦስ የተባሉት አሜሪካዊት ምሁር ሰው በአካል አጠገባችን እያለ የምናውቀው ማንነቱ ሲጠፋ የሚሰማንን ሐዘን መልክ የሌለው እጦት አድርገው ያብራራሉ፤ በዚሁ ጉዳይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1999 መጽሐፍ አውጥተዋል። ይህን ሳነብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት ለምን እንደሆነ ገባኝ። እኛ አገር ሐዘን ሥርዓት አለው። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሰው ሦስት ቀን አብሮ ያድራል። ለተለወጠ ሰው ግን ድንኳን የለም። እንዲያውም «ተመስገን በይ፣ ባልሽ ተርፏል!» ትባያለሽ። ተመስገን እላለሁ፣ ከልቤ ነው። ያም ሆኖ የድሮው ባለቤቴ ይናፍቀኛል። ሁለቱ አብረው ይኖራሉ፤ አንዱ ሌላውን ሐሰት አያደርገውም።

የረዱኝን ነገሮች ልዘርዝር። እሑድ ከሰዓት የባለቤቴ እህት መጥታ ትቀመጣለች፤ እኔ እወጣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ጥፋተኛ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን አይመስለኝም። ሰው «ምን እንርዳሽ?» ሲለኝ «ምንም» ማለት ትቻለሁ፤ «ሐሙስ መድኃኒቱን ከፋርማሲ አምጡልኝ» እላለሁ። ለልጆቼም እውነቱን በልካቸው ነግሬያቸዋለሁ። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ቡና አፈላለሁ። በዚያ ሰዓት ስለ መድኃኒት፣ ስለ ደብተር፣ ስለ ገንዘብ አይነሳም። በዚያች አንድ ሰዓት አስታማሚና ታማሚ አይደለንም። አንዳንዴ የነገረኝን ቀልድ መልሶ ይነግረኛል፤ እኔም እስቃለሁ። እውነቴን ነው፣ የሚያስቅ ቀልድ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከዘረዘርኩት በመነሳት ነገ በዚህ ሙያ ለምንሰማራ ሦስት ነገር ላሳስብ እወዳለሁ። አንደኛ፣ ታማሚውን ብቻ አትጠይቁ፤ «ምንም አልሆንኩም» ቢላችሁ ከልቡ ነው። አብሮት የሚኖረውንም ለብቻው ጠይቁ፤ ከአደጋው በፊት ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ሳታውቁ ምን እንደተለወጠ ማወቅ አትችሉም። ሁለተኛ፣ ለቤተሰቡ «ታገሱ» ብቻ ብላችሁ አትሸኙ፤ ትዕግሥት ያለ ዕውቀት ያልቃል። እኔ በደረሰብኝ አውቀዋለሁ። ጉዳቱ የት እንደሆነ፣ ምን እንደሚያመጣ፣ ምን እንደሚደረግ በሚገባቸው ቋንቋ አስረዱ። ሦስተኛ፣ መርዳት ማለት የሰውን ሥራ ሁሉ መሥራት አይደለም። ሰውየው መሥራት የሚችለውን ትንሿን ነገር ፈልጎ፣ ከፋፍሎ፣ ለራሱ መመለስ ነው። እኔ ይህን ለማወቅ አምስት ዓመት ያህል ፈጅቶብኛል፤ እናንተ ከዚህ ገጽ ብታገኙት ደስ ይለኛል።

ያ ከኋላ ወንበር የቀለደው ልጅ ይህን ካነበበ እንዳይከፋው። የሱ ቀልድ ውስጥ ጥሩ ጥያቄ አለ፦ ጌጅ ሚስት ቢኖረው ኖሮ ምን ትነግረን ነበር? መጻሕፍቱ ሐኪሙ ያየውን ነው የጻፉልን። ሌሊቱን፣ ጓዳውን፣ ጠዋት በእጅ የቀረውን ሸሚዝ የምታውቀው እሷ በሆነች ነበር። ከእኛ መካከል የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ያጣ ካለ፣ በየሰፈሩ እንዲህ ያሉ ሚስቶችና ባሎች አሉ። ሄዶ ይጠይቃቸው፤ የሚነግሩት አያጡም።

ቸር ይግጠመን።